ኢሊያ ሜችኒኮፍና ሳይመለስ የቆየው ጥያቄ፦ ከባሕር ኮከብ እጭ እስከ አይጥ ዘረመል

መግቢያ

በአይጥ አራተኛ ክሮሞሶም ላይ ቲኤልአር-4 በመባል የሚታወቅ ዘረመል ይገኛል። ከዚህ ዘረመል የሚሠራው ፕሮቲን በማክሮፋጅና በሌሎች ሕዋሳት ገጽ ላይ የሚቀመጥ ተቀባይ ሲሆን፣ ሥራውም የበርካታ ባክቴሪያዎች ውጫዊ ሽፋን አካል የሆነው ሊፖፖሊሳካራይድ በአካባቢው መኖሩን ለሕዋሱ ማሳወቅ ነው። ዘረመሉ የተበላሸባቸው አይጦች ጤነኛ አይጥን የሚገድል የሊፖፖሊሳካራይድ መጠን ቢወጉ እንኳ አይሞቱም። ሕያው ሳልሞኔላ ወደ ሰውነታቸው ሲገባ ግን ጤነኞቹ በሚቋቋሙት ጥቂት ባክቴሪያ ይረታሉ።

የዚህ ዘረመል ማንነት የታወቀው በ1998 ነው። ጥያቄው ግን ከዚያ እጅግ የቀደመ ነው። አንድ ሕዋስ ወራሪን ከራስ አካል ለይቶ የሚያውቀው በምንድን ነው የሚለው ጉዳይ የበሽታ መከላከል ጥናት ዐቢይ ጥያቄ እንዲሆን ያደረገው በ1916 ያረፈው የሥነ እንስሳት ሊቅ ኢሊያ ሜችኒኮፍ ነበር። ሜችኒኮፍ ሕዋሳት ወራሪን ከብበው እንደሚውጡ አሳየ፤ ወራሪውን የሚያውቁበትን መንገድ ግን ሳያሳይ ሞተ። ይህ አጭር ጽሑፍ የሊቁን ሕይወት የሚተርከው ይህን ክፍተት እየተከተለ ነው። ክፍተቱ በሕይወት ሳለ ለተቃዋሚዎቹ መከራከሪያ ሆኖ አገልግሏል፤ ከሞተም በኋላ የጥናት መስኩ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት እንዲደበዝዝ አንዱ ምክንያት ሆኗል። መልሱ በተገኘ ጊዜ ደግሞ የመልሱ ግማሽ የተወሰደው ከብርቱ ተቃዋሚዎቹ ከአንዱ፣ ከሪቻርድ ፋይፈር ሥራ ነበር። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነትና ትምህርት

ኢሊያ ኢሊይች ሜችኒኮፍ በግንቦት ወር 1845 በዛሬዋ ዩክሬን፣ በካርኪቭ አውራጃ በሚገኝ የገጠር ርስት ተወለደ። አባቱ በሩሲያ ንጉሠ ነገሥት የክብር ዘብ ውስጥ ያገለገለ መኮንንና ባለርስት ነበር። እናቱ ኤሚሊያ ኔቫኮቪች ከአይሁድ ወገን የምትወለድ ሴት ስትሆን፣ ልጅዋ ወደ ሳይንስ እንዲያዘነብል በብርቱ ታበረታታው ነበር። ኢሊያ ከአምስት ልጆች የመጨረሻው ነው። ገና በልጅነቱ በርስቱ ዙሪያ ያሉትን ዕፀዋትና ነፍሳት እየሰበሰበ ይመረምር እንደነበረ ይተረካል።

በ1862 ወደ ካርኪቭ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ አራት ዓመት የሚፈጀውን ትምህርት በሁለት ዓመት አጠናቀቀ። ከዚያም በሰሜን ባሕር በምትገኘው የሄልጎላንድ ደሴትና በጀርመን ዩኒቨርሲቲዎች ጥናቱን ቀጠለ። በ1865 በጊሰን ከተማ ሳለ በአንድ ጠፍጣፋ ትል ላይ ያየው ነገር ለወደፊት ሥራው መሠረት ሆነ። የትሉ ምግብ የሚፈጨው በሆድ ዕቃው ባዶ ስፍራ ሳይሆን በሕዋሳቱ ውስጥ ነበር። ሕዋሳቱ የምግቡን ቅንጣት ዋጥ አድርገው በውስጣቸው ያልሙታል። በጊዜው ይህ ስለ ዝቅተኛ እንስሳት አመጋገብ የተገኘ አንድ ተጨማሪ መረጃ ብቻ ነበር፤ ከበሽታ ጋር ያገናኘው ሰው አልነበረም፤ ራሱ ሜችኒኮፍም ቢሆን።

ከጀርመን ወደ ናፖሊ ተሻግሮ ከአሌክሳንደር ኮቫሌቭስኪ ጋር የባሕር እንስሳትን የፅንስ ዕድገት ማጥናት ጀመረ። የሁለቱ ዓላማ የዳርዊንን ንድፈ ሐሳብ ተከትሎ፣ አከርካሪ የሌላቸውና አከርካሪ ያላቸው እንስሳት በፅንስነታቸው የሚጋሩትን ነገር መፈለግ ነበር። በ1867 ሁለቱ በካርል ኤርንስት ፎን ባየር ስም የተሰየመውን ሽልማት ተካፈሉ። ሜችኒኮፍ ያን ጊዜ ዕድሜው 22 ነበር። ወዲያውም በኦዴሳ፣ ቀጥሎም በሴንት ፒተርስቡርግ አስተማረ፤ በ1870 በኦዴሳ ዩኒቨርሲቲ የሥነ እንስሳትና የንጽጽራዊ አናቶሚ ፕሮፌሰር ሆኖ ተሾመ።

የኀዘን ዓመታት

የሊቁ የግል ሕይወት በዚያው ዘመን በከባድ ኀዘን የተሞላ ነበር። የመጀመሪያ ሚስቱ ሉድሚላ ፌዶሮቪች ከጋብቻው በፊት በሳንባ ነቀርሳ ተይዛ ስለነበር፣ በሠርጓ ዕለት ወደ ቤተ ክርስቲያን የገባችው በወንበር ተሸክመዋት ነው። ሜችኒኮፍ ሞቃት አየር ይሻላታል በማለት ከአገር ወደ አገር እያዘዋወረ አስታመማት፤ የሕክምናውን ወጪ ለመሸፈንም ከአቅሙ በላይ ሠራ፤ በማይክሮስኮፕ ብዛት የዓይኑ ብርሃን ተጎዳ። ሉድሚላ በ1873 በማዴይራ ደሴት አረፈች። ባሏ ከቀብሯ በኋላ ተስፋ ቆርጦ ራሱን ለማጥፋት ሞክሮ ተረፈ።

በ1875 ኦልጋ ቤሎኮፒቶቫን አገባ። ኦልጋ እስከ ዕለተ ሞቱ የሥራ ረዳቱ ሆና ኖረች፤ የሕይወት ታሪኩንም የጻፈችው እርስዋ ናት። በ1880 ኦልጋ በአንጀት ተስቦ ለሞት ተቃርባ ነበር። በቀጣዩ ዓመት ሜችኒኮፍ በልብ ሕመም፣ በመንፈስ ጭንቀትና በዩኒቨርሲቲው ፖለቲካዊ ውዝግብ ተዳክሞ ሳለ፣ በእኛ አገር ግርሻ በመባል የሚታወቀውን ተመላላሽ ትኩሳት ከታማሚ ደም ወስዶ በራሱ ላይ ወጋ። በአንድ በኩል በሽታው በደም ይተላለፍ እንደሆነ ለማወቅ የተደረገ ሙከራ ነበር፤ በሌላ በኩል ሞትን የመፈለግ ስሜት እንደነበረበት ኦልጋ ጽፋለች። እጅግ ታመመ፤ ነገር ግን ዳነ። ከዚያ በኋላ የሕይወት ፍላጎቱ እንደ አዲስ እንደታደሰ ይነገራል።

ዳግማዊ አሌክሳንደር በ1881 ከተገደለ በኋላ በሩሲያ ዩኒቨርሲቲዎች ላይ የመንግሥት ጫና በረታ። ሜችኒኮፍ በ1882 ከፕሮፌሰርነቱ በገዛ ፈቃዱ ለቀቀ። የኦልጋ ወላጆች ሞተው ስለነበር ታናናሽ ወንድሞቿና እኅቶቿ በእነርሱ እጅ ነበሩ። ቤተሰቡ ተሰብስቦ በዚያው ዓመት ወደ ሲሲሊ ደሴት፣ ወደ መሲና ከተማ ተጓዘ።

የመሲና እሾህ

በመሲና ሜችኒኮፍ ተማሪም ሆነ ደመወዝ አልነበረውም። ከባሕሩ ዳር በተከራየው ቤት ሳሎን ማይክሮስኮፑን ተክሎ ይሠራ ነበር። ከብዙ ዓመታት በኋላ ራሱ እንዳስታወሰው፣ አንድ ቀን ቤተሰቡ የሠለጠኑ ዝንጀሮዎችን ለማየት ወደ ሰርከስ ሲሄድ እርሱ ብቻውን ቀርቶ የባሕር ኮከብ እጭን ይመለከት ነበር። እጩ እንደ መስተዋት ብርሃን የሚያሳልፍ በመሆኑ በውስጡ የሚንቀሳቀሱት ሕዋሳት በግልጽ ይታያሉ። እነዚያ ተንቀሳቃሽ ሕዋሳት ምግብ ከመፍጨት ሌላ ሥራ ይኖራቸው ይሆናል፣ ምናልባትም አካልን ከወራሪ ይከላከላሉ የሚል ሐሳብ መጣለት። ሐሳቡ ትክክል ከሆነ፣ በእጩ ሰውነት ውስጥ የገባ እንግዳ ነገር በአጭር ጊዜ በነዚህ ሕዋሳት መከበብ አለበት።

በቤቱ ግቢ ከነበረው ጽጌረዳ ጥቂት እሾህ ቆርጦ በእጮቹ ቆዳ ሥር ሰካ። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደውም። ሲነጋ እሾሆቹ በተንቀሳቃሽ ሕዋሳት ተከበው አገኛቸው። እጩ የደም ሥር የሌለው በመሆኑ፣ የሕዋሳቱ መሰብሰብ የደም ሥሮች መቆጣት ውጤት ነው ሊባል አይችልም። ሜችኒኮፍ ከዚህ የደረሰበት መደምደሚያ ብግነት በመሠረቱ ጥንታዊ የመከላከያ ተግባር ነው የሚል ነበር፤ የደም ሥሮች በዝግመተ ለውጥ ሂደት ዘግይተው የተጨመሩበት እንጂ መነሻው አይደሉም።

ይህ አቋም በዘመኑ ከነበረው የሕክምና አስተሳሰብ ጋር ይጋጭ ነበር። በርካታ የፓቶሎጂ ሊቃውንት በነጭ የደም ሕዋሳት ውስጥ ባክቴሪያ ሲያዩ፣ ሕዋሳቱ ጀርሙን በሰውነት ውስጥ የሚያሠራጩ አድርገው ይገነዘቡ ነበር። መሲናን የጎበኘው ታላቁ የፓቶሎጂ ሊቅ ሩዶልፍ ፊርኾ የሜችኒኮፍን ዝግጅቶች አይቶ አበረታታው፤ ነገር ግን የሕክምና ትምህርት የሚያስተምረው ተቃራኒውን መሆኑን በማስታወስ እንዲጠነቀቅም መከረው። በ1883 የቪየናው ፕሮፌሰር ካርል ክላውስ ከግሪክኛ የተወሰደውን ፋጎሳይት የሚለውን ስያሜ ለነዚህ ሕዋሳት አቀረበለት። ትርጉሙ በላተኛ ሕዋስ ማለት ነው።

በቀጣዩ ዓመት ሜችኒኮፍ ከእሾህ ወደ እውነተኛ በሽታ ተሸጋገረ። የውሃ ቁንጫ የምትባለው ዳፍኒያ በአንድ እርሾ መሰል ፈንገስ ትጠቃለች። የፈንገሱ መርፌ መሰል ዘር የአንጀቷን ግድግዳ ወግቶ ወደ ሰውነቷ ሲገባ፣ ፋጎሳይቶች ከብበው ካጠፉት ዳፍኒያ ትድናለች፤ ፈንገሱ ካመለጣቸው ተባዝቶ ይገድላታል። በሽታ በሕያው አካል ውስጥ በሁለት ወገን የሚካሄድ ትግል መሆኑ፣ የትግሉም ውጤት በሕዋሳት ብቃት የሚወሰን መሆኑ በዚህ ጥናት በዓይን ታየ።

ከኦዴሳ ወደ ፓሪስ

በ1886 ኦዴሳ ከተማ የፓስተርን የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ለመስጠት የባክቴሪያ ጥናት ጣቢያ ስታቋቁም ሜችኒኮፍ ዳይሬክተር ሆነ። ሹመቱ አልሰመረለትም። የሐኪምነት ማዕርግ ስላልነበረው የከተማው ሐኪሞች ይነቅፉት ነበር፤ በአባ ሰንጋ ክትባት ሥራ ላይ በደረሰ ስሕተት እጅግ ብዙ በጎች ሲያልቁ ደግሞ ነቀፋው በረታ። ሌላ የሥራ ቦታ ፍለጋ ወደ ምዕራብ አውሮፓ ሄደ። በበርሊን ሮበርት ኮኽ በብርድ ተቀበለው። በፓሪስ ሉዊ ፓስተር ግን አዲስ በሚከፈተው ተቋሙ ውስጥ ላቦራቶሪ ሰጠው። ሜችኒኮፍ በ1888 ወደ ፓሪስ ተዛውሮ ቀሪውን 28 ዓመት በዚያ ኖረ።

የአቀባበሉ ልዩነት የጠባይ ጉዳይ ብቻ አልነበረም። በበርሊኑ ትምህርት ቤት አመለካከት የመከላከል ኃይል መነሻ በደም ፈሳሽ ውስጥ የሚገኙ ኬሚካላዊ ንጥረ ነገሮች ናቸው። ፓሪስ ደግሞ የሕዋሳት ንድፈ ሐሳብ ምሽግ ሆነች። ከ1870–71 የፈረንሳይና የፕሩሲያ ጦርነት በኋላ የሁለቱ አገሮች ፉክክር ብርቱ ስለነበር፣ ሳይንሳዊው ክርክር የብሔር ቁጣም ተጨመረበት።

የሕዋስና የሴረም ክርክር

በ1890 ኤሚል ፎን ቤሪንግና ሺባሳቡሮ ኪታሳቶ የመንጋጋ ቆልፍንና የዲፍቴሪያን መርዝ የሚያመክን ንጥረ ነገር በክትባት ከተጠበቁ እንስሳት ሴረም ውስጥ አገኙ። ሕዋስ የሌለበት ፈሳሽ ብቻውን ሌላ እንስሳን ከሞት ሲያድን መታየቱ ለሜችኒኮፍ ንድፈ ሐሳብ ከባድ ፈተና ነበር። ሜችኒኮፍ በ1892 ስለ ብግነት ንጽጽራዊ ፓቶሎጂ የሰጣቸውን ትምህርቶች በመጽሐፍ አሳትሞ መለሰ፤ ከነጠላ ሕዋስ ፍጡር እስከ አጥቢ እንስሳ ድረስ የመዋጥ ተግባር ሳይቋረጥ መቀጠሉን በተከታታይ ማስረጃ አቀረበ።

ከሁሉ የከበደው ምት የመጣው በ1894 ነው። የኮኽ ረዳት የነበረው ሪቻርድ ፋይፈር በክትባት በተጠበቀ ጊኒ ፒግ የሆድ ዕቃ ክፍተት ውስጥ የኮሌራ ባክቴሪያ ሲጨምር፣ ባክቴሪያው በየትኛውም ሕዋስ ሳይዋጥ በፈሳሹ ውስጥ አብጦ ሲሟሟ አየ። ሜችኒኮፍ የሟሚው ንጥረ ነገር ምንጭ በሙከራው ጊዜ የተጎዱት ፋጎሳይቶች ናቸው ሲል ተከራከረ። ነገሩን ያጣራው በራሱ ላቦራቶሪ ይሠራ የነበረው ወጣቱ ቤልጅጋዊ ዡል ቦርዴ ነው። ቦርዴ በ1895 እንዳሳየው ባክቴሪያን ለማሟሟት ሁለት ነገሮች ያስፈልጋሉ፦ አንደኛው ክትባት ያስገኘው፣ ሙቀትን የሚቋቋም አንቲቦዲ ሲሆን፣ ሁለተኛው ባልተከተበ እንስሳም ውስጥ የሚገኝ፣ በሙቀት የሚጠፋና በኋላ ኮምፕልመንት የተባለው ነው። ስለዚህ የደም ፈሳሽን ኃይል በማስረዳት ረገድ ዋናው እርምጃ የተወሰደው በሕዋሳት ተሟጋቹ ቤት ነበር። ሜችኒኮፍ የተማሪውን ውጤት አላፈነም፤ ቦርዴም በኋላ የ1919 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ።

በዚህ ክርክር ውስጥ የተሸሸገ ሌላ ነገር ነበር። ፋይፈር በ1892 የኮሌራ ባክቴሪያን በሙቀት ገድሎ ለጊኒ ፒግ ሲወጋ፣ ሙቱ ባክቴሪያ ራሱ እንስሳውን እንደሚገድል አስተውሎ ነበር። መርዙ ሕያው ባክቴሪያ የሚረጨው ሳይሆን በባክቴሪያው አካል የታሰረ በመሆኑ ኢንዶቶክሲን ብሎ ሰየመው። ዛሬ ሊፖፖሊሳካራይድ የምንለው ይህንኑ ነው። በዚያ ዘመን ኢንዶቶክሲን እንደ መርዝ፣ ፋጎሳይትም እንደ በላተኛ ይጠና ነበር። አንደኛው ለሌላኛው ምልክት ሊሆን ይችላል የሚል ሐሳብ ከሁለቱም ወገን አልመጣም።

የሜችኒኮፍ ንድፈ ሐሳብ ደካማ ጎንም እዚሁ ላይ ነበር። ፋጎሳይቱ ወደ ባክቴሪያው ይሄዳል፣ ይውጠዋል፣ የገዛ አካሉን ጤነኛ ሕዋሳት ግን ይተዋል። በምን ለይቶ? ሜችኒኮፍ ኬሚካላዊ ስበትንና የሕዋስን ስሜታዊነት ይጠቅስ ነበር፤ ነገር ግን ተለይቶ የሚታይ ንጥረ ነገር አላቀረበም። ተቃዋሚዎቹ ሕዋሱን ዓላማና ፈቃድ እንዳለው ፍጡር ይቆጥራል ብለው ከሰሱት። በአንጻሩ ፓውል ኤርሊኽ በ1897 ባቀረበው የጎን ሰንሰለት ንድፈ ሐሳብ በሕዋስ ገጽ ላይ ስለሚገኙ፣ እንደ ቁልፍና ጓጉንቸር ከመርዝ ጋር ስለሚገጥሙ ክፍሎች ተናገረ። የተቀባይ ጽንሰ ሐሳብ ከዚህ የወጣ ነው። የኤርሊኽ ተቀባዮች ግን የአንቲቦዲን አመጣጥ ለማስረዳት የታሰቡ ስለነበሩ፣ በላተኛው ሕዋስ ያለ ተቀባይ ቀረ።

በ1903 አልምሮዝ ራይትና ስቱዋርት ዳግላስ የሴረም ንጥረ ነገሮች ከባክቴሪያው ጋር ተጣብቀው ለመዋጥ እንደሚያመቻቹት አሳዩ። ስያሜውም ኦፕሶኒን ሆነ። ሁለቱ ወገኖች የአንድ ሥራ ሁለት ገጽታ ይመለከቱ እንደነበር ከዚያ ወዲህ እየታየ መጣ። በ1908 የሕክምና ኖቤል ሽልማት ለሜችኒኮፍና ለኤርሊኽ በጋራ ሲሰጥም ይህንኑ ያመለከተ ነበር።

የመጨረሻ ዓመታት

ሜችኒኮፍ ከክርክሩ ጎን ለጎን ሌሎች ሥራዎችም ነበሩት። በ1903 ከኤሚል ሩ ጋር ቂጥኝን ወደ ዝንጀሮ መሰል እንስሳት በማስተላለፍ በሽታው በላቦራቶሪ እንዲጠና በር ከፈተ። በዚያው ዓመት ባሳተመው ስለ ሰው ተፈጥሮ በሚናገረው መጽሐፉ የእርጅናን ጥናት ጄሮንቶሎጂ ብሎ ሰየመ። እርጅናን ያፋጥናሉ ያላቸውን የትልቁ አንጀት ባክቴሪያዎች ለመግታት እርጎ መጠጣትን ይመክር ነበር፤ ራሱም በየቀኑ ይጠጣ ነበር። ምክሩ በአውሮፓ በስፋት ተወራ፤ ነጋዴዎችም ተጠቀሙበት፤ ማስረጃው ግን ለፋጎሳይት ንድፈ ሐሳብ ካቀረበው ጋር የሚወዳደር አልነበረም። በ1909 ወደ ሩሲያ ሄዶ ሌቭ ቶልስቶይን በያስናያ ፖልያና ጎበኘው። የሜችኒኮፍ ታላቅ ወንድም የኢቫን አሟሟት ቶልስቶይ ስለ አንድ የፍርድ ቤት ሹም ሞት ለጻፈው ልብ ወለድ መነሻ እንደሆነ ይታመናል።

አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲነሣ ወጣት ተመራማሪዎች ወደ ግንባር ዘመቱ፤ ላቦራቶሪዎቹም ባዶ ቀሩ። ዕድሜውን ሙሉ ሳይንስ ሕዝቦችን ያቀራርባል ብሎ ያምን የነበረው ሊቅ በኀዘን ተጎዳ። ከቆየ የልብ ድካም በኋላ ሐምሌ 15 ቀን 1916 በ71 ዓመቱ በፓሪስ አረፈ። ዐመዱ በፓስተር ተቋም ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ይገኛል።

የአይጦቹ መልስ

ከሜችኒኮፍ ሞት በኋላ የበሽታ መከላከል ጥናት ፊቱን ወደ አንቲቦዲ፣ በኋላም ወደ ሊምፎሳይት አዞረ። ማክሮፋጅ የሚለውን ስም ያወጣው ሜችኒኮፍ ነው፤ ማክሮፋጁ ግን ለረጅም ጊዜ እንደ ጠራጊ ብቻ ተቆጠረ። ምን እንደሚያውቅ የጠየቀ ጥቂት ነበር።

መልሱ የጀመረው ባልተጠበቀ ስፍራ ነው። በ1960ዎቹ አጋማሽ ሲ3ኤች/ሄጄ የተባለው የላቦራቶሪ አይጥ ዝርያ ሌሎች አይጦችን የሚገድል ኢንዶቶክሲን ሲሰጠው ምንም እንደማይሆን ታወቀ። የቅርብ ዘመዶቹ የሆኑት የሲ3ኤች ዝርያዎች ግን እንደማንኛውም አይጥ ይሞቱ ነበር። የዘር ጥናቶች ልዩነቱ ከአንድ የዘር ስፍራ እንደሚመነጭ፣ ስፍራውም በአራተኛው ክሮሞሶም ላይ እንደሚገኝ አመለከቱ። በ1980 የታተሙ ሙከራዎች ደግሞ ሁለት ነገር ገለጹ። አንደኛ፣ የዚህ ዝርያ አይጦች ለሳልሞኔላ እጅግ ተጋላጭ ነበሩ። ሁለተኛ፣ የራሱ መቅኔ በጨረር የጠፋበት ደንዛዛ አይጥ ከስሜታዊው ዝርያ መቅኔ ሲሰጠው ለኢንዶቶክሲን ስሜታዊ ሆነ። ኢንዶቶክሲን በቀጥታ አካልን የሚያቃጥል መርዝ አልነበረም፤ ጉዳቱን የሚያመጡት ከመቅኔ የሚወለዱ ሕዋሳት ለእርሱ የሚሰጡት ምላሽ ነው። ከነዚህም ዋነኛው ማክሮፋጅ ነበር።

ቻርልስ ጄንዌይ በ1989 ተፈጥሯዊው የመከላከል ሥርዓት የጀርሞችን ቋሚ ኬሚካላዊ ገጽታዎች የሚለዩ፣ በዘር የሚወረሱ ተቀባዮች ሊኖሩት እንደሚገባ በንድፈ ሐሳብ አስቀድሞ አመለከተ። በ1996 የዡል ሆፍማን ቡድን፣ ቶል የተባለው የፍራፍሬ ዝንብ ዘረመል ሲበላሽ ዝንቡ ለፈንገስ እንደሚጋለጥ አሳየ። በ1998 በቴክሳስ የብሩስ ቦይትለር ቡድን የአይጡን የዘር ስፍራ ደረጃ በደረጃ እያጠበበ ሄዶ ዘረመሉን ያዘ። ዘረመሉ የዝንቡ ቶል ዘመድ የሆነው ቲኤልአር-4 ሆኖ ተገኘ። በሲ3ኤች/ሄጄ አይጥ ላይ ልዩነቱን ያመጣው የአንድ አሚኖ አሲድ ለውጥ ብቻ ነው፦ በ712ኛው ቦታ ፕሮሊን በሂስቲዲን ተተክቷል። ኢንዶቶክሲንን በማይሰማው በሌላው ዝርያ፣ በሲ57ብላክ/10 ኤስሲሲአር፣ ዘረመሉ ጭራሹን ጎድሏል። ሁለት የተለያዩ ዝርያዎች በተለያየ ስብራት ወደ አንድ ውጤት መድረሳቸው ማስረጃውን አጸናው። በቀጣዩ ዓመት የሺዙዎ አኪራ ቡድን ዘረመሉ ሆን ተብሎ የጠፋበት አይጥ ለሊፖፖሊሳካራይድ ምላሽ እንደማይሰጥ አረጋገጠ። ቦይትለርና ሆፍማን ከራልፍ ስታይንማን ጋር የ2011ን የኖቤል ሽልማት ተካፈሉ።

የተቀባዩ አሠራር በአጭሩ እንዲህ ነው። ሲዲ14 የተባለው ፕሮቲን ሊፖፖሊሳካራይድን ያቀብላል፤ ኤምዲ-2 የተባለው አጋር ፕሮቲን በጎድጓዳ አካሉ ይይዘዋል፤ ሁለት የቲኤልአር-4 ፕሮቲኖችም በዚህ ሳቢያ ይጣመራሉ። መልእክቱ በሕዋሱ ውስጥ ተላልፎ እንደ ቲኤንኤፍ ያሉ የብግነት ንጥረ ነገሮች እንዲመረቱ ያደርጋል፤ ሊምፎሳይቶችን የሚቀሰቅሱ ሞለኪውሎችም በሕዋሱ ገጽ ላይ ይበዛሉ። በዚህ መንገድ ተፈጥሯዊው የመከላከል ሥርዓት አንቲቦዲ ለሚያመነጨው ሥርዓት ምልክት ይሰጣል። የፓሪስና የበርሊን ክርክር በሞለኪውል ደረጃ የተገናኘው እዚህ ላይ ነው።

ማጠቃለያ

ቲኤልአር-4 የሜችኒኮፍን ጥያቄ ሙሉ በሙሉ መለሰ ማለት ግን ስሕተት ነው። አንደኛ፣ ማወቅና መዋጥ የተለያዩ ተግባራት ናቸው። ቲኤልአር-4 ማንቂያ ተቀባይ እንጂ የመዋጫ ተቀባይ አይደለም፤ መዋጥ የሚከናወነው በአንቲቦዲና በኮምፕልመንት ተቀባዮች እንዲሁም በሌሎች ነው። ሁለተኛ፣ ያው ማንቂያ ልኩን ሲያልፍ ገዳይ ነው። ተቀባዩን በመዝጋት ሴፕሲስን ለማከም የተሠራው ኤሪቶራን የተባለ መድኃኒት፣ ውጤቱ በ2013 በታተመ ሰፊ ሙከራ የታማሚዎችን ሞት አልቀነሰም። ደንዛዛው አይጥ ከኢንዶቶክሲን ቢተርፍም በሳልሞኔላ መሞቱ የዚህን ዘረመል ሁለት ገጽታ አስቀድሞ ያሳየ ነበር።

ሦስተኛውና ከሊቁ ሕይወት ጋር በይበልጥ የሚገናኘው ነጥብ የእሾሁ ጉዳይ ነው። አይጥ 12 ያህል የቲኤልአር ዘረመሎች ሲኖሩት፣ የባሕር ኮከብ ዘመድ የሆነው የባሕር ጃርት የዘረመል ካርታ በ2006 ሲታተም 222 ያህል ተገኝተውበታል። ሜችኒኮፍ የመረጠው የእንስሳት ወገን በዚህ ረገድ ከአይጥም ከሰውም የበለጸገ ነበር። የአይጡ ዘረመል ያስረዳው ግን ማክሮፋጅ ባክቴሪያን እንዴት እንደሚያውቅ ነው። እሾህ ባክቴሪያ አይደለም። ጀርም በሌለበት ጉዳትና ባዕድ ነገር ላይ ሕዋሳት የሚሰበሰቡበት ምክንያት ዛሬም በርካታ ላቦራቶሪዎች የሚሠሩበት ጥያቄ ነው። በ1882 በመሲና ሳሎን እሾሁን የከበቡት ሕዋሳት ያወቁት የእሾሁን ባዕድነት ይሁን፣ በላዩ የነበሩትን ጀርሞች ይሁን፣ ወይስ የተቀደደውን የገዛ አካላቸውን፣ ሙከራው በተሠራበት መልኩ ሊለይ አይችልም። ይህን ለመለየት የሚያስችሉት መሣሪያዎች አሁን በእጅ አሉ።